ገበናዬን አደራ

ጡረታ ከወጣች አስራ አንድ ዓመት ቢሆናትም ሰፈሩ ሁሉ አሁንም «ቲቸር» ነው የሚላት። በሁለት የኪራይ ክፍሎች ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰባት ልጆችን በምልክት ቋንቋ ታስተምራለች። አከራዩ «ወይ የዓመቱን በአንዴ ይክፈሉ፣ ወይ ይልቀቁ» ሲላት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው የእህቷ ልጅ መላ ዘየደች።

«አክስቴ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ አይደል? ኢንተርኔት ላይ መዋጮ እንክፈት። አንድ ነገር ግን አለው፤ በአርባ ቀን ውስጥ ያልነው ካልሞላ የተዋጣው ሁሉ ለየባለቤቱ ይመለሳል።»

ሰሌዳውን፣ የልጆቹን ሥዕል፣ የተሰባበሩትን ወንበሮች ፎቶ አንስተው ለጠፉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ሰው እንባ ካላየ እጁ ኪሱ አይገባም» አለች የእህቷ ልጅ።

ቲቸር ወደ አንዲት ልብስ አጣቢ ሄደች። ከሰባቱ ተማሪዎች አንዷ የሆነችው የሴትዮዋ የስምንት ዓመት ልጅ ለሰው ሁሉ የምልክት ቅጽል የምታወጣ ቀልደኛ ናት፤ አከራዩን ሆዷን ነፍታ በመዳፏ መታ መታ በማድረግ ነው የምትጠራው። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም። ቲቸር ታሪኳን በቪዲዮ እንድትናገር ስትጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች፣ «እርስዎ ካሉኝ እሺ። ገበናዬን ግን አደራ» አለች። ስልኩ ፊት ተቀምጣ፣ ልጇ እንደማትሰማ በታወቀ ማግስት ባሏ ጥሏቸው እንደሄደ ተናገረች። ልጅቷ አጠገቧ ሆና የእናቷን እንባ ትጠርግ ነበር።

ቪዲዮው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። መዋጮው በሳምንት ውስጥ ከግማሽ አለፈ። ቲቸር ወንበር የሚጠግን አናጢ ማጠያየቅ ጀመረች።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ልብስ አጣቢዋ የሳሙና አረፋው እጇ ላይ እንዳለ መጣች።

«ጎረቤቴ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አነበበችልኝ። ‹የእናትየው ኃጢአት ነው፤ ምን ሠርታ ይሆን› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ልጇን መነገጃ አደረገቻት› ብሏል። በፈጠረዎት፣ ያጥፉልኝ።»

«የኔ እህት፣ ስድስት ቀን ብቻ ታገሺኝ። አሁን ካጠፋነው ሰባቱም ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ።»

«ስድስት ቀን» አለች ሴትዮዋ። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ቪዲዮው አልጠፋም። ሰዉ ግን ፊቱን ወደ ሌላ ወሬ አዙሮ ነበር፤ «አይዞሽ» የሚል እንጂ የሚሰጥ ጠፋ። በአርባኛው ቀን መዋጮው ሩብ ጎድሎት ተዘጋ። የተዋጣው ሁሉ ተመለሰ።

የእህቷ ልጅ ስታለቅስ ቲቸር «አጥፊው» ብቻ አለቻት። ቪዲዮው ከገጹ ላይ ጠፋ፤ በማያውቋቸው ሰዎች ስልክ ውስጥ ግን ቀረ።

በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ልብስ አጣቢዋ ቤት ሄደች። በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቱ መጋረጃ የለውም።

«ከለቀቁ ሦስት ቀናቸው» አለች ጎረቤትየዋ። «ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ልጅቷ ግን አንጀቴን በላችው፤ ዕቃው ሲጫን እዚህ ቆማ በእጇ ስታወራን፣ ስታወራን... ለማን ይግባ?»

«እስቲ እንዴት አድርጋ?»

ጎረቤትየዋ እጆቿን አንስታ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አወናጨፈቻቸው። «እንጃ፣ ቲቸር» ብላ መልሳ አወረደቻቸው።

ቲቸር እንደገና እንድታሳያት ለመነቻት።