ሁለተኛው ማድቤት

ታናሽ እህቴ ራዊያ ልታገባ ነው። ቆቦ ላይ ስሙ የገነነውን የሰርግ አዳራሽ ልናይ አብረን ሄድን።

«ኡሙሃኒ፣ አንቺ ጠይቂልኝ፤ ሰርግ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

አውቃለሁ እንጂ! የኔ ሰርግ የተደገሰው ደጃችን ላይ በተጣለ ዳስ ነበር። የቆላው ንፋስ ሸራውን ገንጥሎ ወጡ ላይ አቧራ በተነበት።

ስለዚህ እንከን ፍለጋ ባለቤቱን ጠየቅሁ። መብራት ቢጠፋስ? ጄኔሬተር አለ። ውሃስ? ሁለት ሮቶ ሙሉ ነው። ከዋጃና ከጎብዬ የሚመጣው ዘመድ መኪናውን የት ያቆማል? ጓሮው ሰፊ ነው። ራዊያ በየመልሱ ፈገግ ትላለች፤ እኔ ቆሽቴ ያራል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሬው ለብቻ ታርዶ ወጡ ለብቻ የሚሠራበት ሁለተኛ ማድቤትስ?» አልኩ። በኔ ጊዜ እዚሁ አዳራሽ መጥቼ ይኼ ስላልነበራቸው ነው ዳስ የጣልነው።

ባለቤቱ ሐጂ ሙህዲን ከጓሮ በኩል አንድ አዲስ በር ከፈቱ። «ያኔ አንቺ ጠይቀሽን አይደል የሠራነው? ከዚያ ወዲህ ሰርገኛ ጎረፈልን። አላህ ይስጥሽ!» አሉኝ።

ራዊያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ጉንጬን ሳመችኝ።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!