ካልቆረጡት የሚያኮርፍ አበባ

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቃላቸውን የሰጡት በሽማግሌዎች ፊት ነበር። በ1994 ዓ.ም. መስከረም፣ የሙሽራው የታዲዎስ ወገኖች የወይዘሮዋን ልጅ ፀሎትን ለመጠየቅ ካዛንቺስ ወደሚገኘው የቀበሌ ቤታቸው መጥተው፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለ ሠርጉ ተነሣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «የሙሽራዋን አበባ መስቀል ፍላወር ካለ አበባ ቤት እናዝዛለን» ቢሏቸው፣

«አይሆንም» አሉ። «ልጄ የተገዛ አበባ ይዛ ከቤቴ አትወጣም። ከደጄ ቆርጬ አስይዛታለሁ።»

ደጃቸው ያን ጊዜ ባዶ አፈር ነበር። ዘሩን በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችላቸው የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ትበርህ ናት።

«ስዊት ፒ ይሉታል፣ የአበባ አተር ነው» አለቻቸው። «ሽታው ልብ ይሰርቃል። ፍሬውን ግን እንዳትቀምሺው፣ መርዝ ነው። አበባውን በየማለዳው ቁረጪው፤ ካልቆረጡት ያኮርፋል።»

«አበባም ኩርፊያ ያውቃል?» ብለው ሳቁባት።

ዘሩን ከጎረቤታቸው ከአቶ ሙሐሲን በሚለያቸው የቆርቆሮ አጥር ሥር ቀበሩት፤ ሲባጎም ወጠሩለት። አተሩ በቀጫጭን ክንዶቹ ሲባጎውን እየጨበጠ ወጣ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ዝገቱ ሁሉ በነጭ፣ በሮዝና በወይን ጠጅ አበባ ተሸፈነ። ፀሎት አንዲት ዘለላ ለፀጉሯ ልትቀጥፍ እጇን ብትዘረጋ እናቷ መቱባት።

«ተዪ! የአተር አበባ የቀጠፈ እሸት አይበላም።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ አይበላም!»

«ቢሆንም። ሁሉም ለዚያች ቀን ይቆይ።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ያደጉት ሰላሌ፣ በአተር ማሳ ዳር ነው። የእህል አበባ መቅጠፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደ ነውር ሲነገራቸው ኖሯል። በዚህም ላይ መሰሰት ተጨመረበት፤ መሰሰት ደግሞ ራሱን ቁጠባ ብሎ መጥራት ይወዳል።

ቆርቆሮው ከታች በዝገት ተበልቶ ነበርና ጥቂት ተክሎች ገና በችግኝነታቸው ቀዳዳውን አልፈው ወደ ማዶ አደጉ። አንድ ማለዳ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ውኃ ሊያጠጡ ጎንበስ ቢሉ፣ በቀዳዳው በኩል መቀስ አበባ ሲቆርጥ አዩ።

«ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ፤ ሀኒ» አለች የሙሐሲን ሚስት። ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻት። «ለጠረጴዛዎቼ ብዬ ነው። ወደኛ ያለፈውን እኮ ነው።»

«ሥሩ የማን ነው?»

«ሥሩማ የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው የሰው ሀብት የሚነካ ሌባ ነው! ሌባ!»

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወጣ። ሙሐሲን ፊቱን ሳያደርቅ ፎጣ በእጁ ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ። ሀኒ መቀሷን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ግን በክር የታሰረ የአበባ እቅፍ በአጥሩ ላይ በርሮ ከወይዘሮ ሸዋአየሁ እግር ሥር ዱብ አለ።

«ሀብትዎን ይረከቡ፣ እትዬ!» አለ የሀኒ ድምፅ ከማዶ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ተወረወረ። ፀሎት፣ «በብርጭቆ ውኃ ላድርገው?» ስትል፣ እናቷ፣ «ባለበት ተዪው!» ይላሉ። እቅፉም በወደቀበት ፀሐይ ይበላዋል። በሁለቱ ቤቶች መካከል «እንደምን አደሩ» መባባል ቀረ።

ጥር ገባ። በወይዘሮ ሸዋአየሁ በኩል አበባው መሳሳት ጀመረ። ፀሐዩ ነው ብለው ውኃ ጨመሩ። ሠርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ ማለዳ ግን ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ገለጥ ቢያደርጉ ጠጉራም እሸት ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሏል። እምቡጥ የሚባል የለም።

አተር ፍሬ ከያዘ አበባው እንደሚያበቃ ከሰላሌ ልጅ ይልቅ ማን ያውቃል? ዘሩን ለመተካት ይለፋል፤ ከተካ በኋላ ምን ያደክመዋል? ይህን ከሕፃንነታቸው ያውቁታል። ስስታቸው ግን እውቀታቸውን ጋርዶባቸው ከረመ።

እንዲህ ቆመው ሳሉ የዕለቱ እቅፍ ከማዶ ተወረወረ፤ ወፍራም፣ ጤዛው ገና ያልረገፈ። የሀኒ ቂም በየማለዳው እየቆረጠ የማዶውን ተክል እንዲያብብ ሲያደርገው፣ የእርሳቸው ፍቅር የራሳቸውን አድርቆታል።

ኩራት በዚህም ሰዓት ብልሃት አያጣም። ነገ የሚወረወረውን ዝም ብዬ አነሣለሁ አሉ በልባቸው። ቃሌም ይጠበቃል፣ አንገቴም አይደፋም።

በሠርጉ ማለዳ የውኃ ባልዲ ይዘው በአጥሩ ሥር ቆሙ። ምንም አልተወረወረም። ውስጥ ፀሎትን እያለበሷት ነው። በመንደሩ መንገድ ላይ በተተከለው ድንኳን ጎረቤቶች ወንበር ይደረድራሉ። ፀሐይ ቆርቆሮውን አሞቀችው፤ አሁንም ምንም የለም። በመጨረሻ ባልዲውን አስቀምጠው ወጡና የሙሐሲንን በር አንኳኩ።

ሀኒ ከፈተች።

«ዛሬ... አልወረወርሽም» አሉ።

«ዛሬማ ሠርግ ነው። ለሙሽራ አበባ ይወረወራል እንዴ?»

ከኋላዋ አበባው በጣሳ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ሀኒ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

«ግን እትዬ፣ ሌባ የቆረጠውን ሙሽራ ትይዛለች?»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው አዩ። ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ያን ቀን ስድቡን የሰሙት ናቸው። ቀስ ብሎ አንድ ቃል መናገርና አበባውን ተቀብሎ መመለስ ይቻል ነበር።

«ሌባ ያልሁሽ በጩኸት ነው፤ ይቅርታውን በሹክሹክታ አልለውም» አሉ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ። «ሀኒ፣ በድዬሻለሁ! የወሰድሽብኝ ነገር የለም። ይቅር በይኝ!»

ወንበር መደርደሩ ቆመ።

«ኧረ እትዬ፣ ሰፈሩን አነቃነቁት እኮ!» ሀኒ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። «ይቅር ብያለሁ። የጣሳው አይበቃትም፤ ይኸው መቀሱ፣ የቀረውን እርስዎ ይቁረጡ። ሥሩ የእርስዎ አይደል?»

«ተዪኝ እንግዲህ» አሉ፣ መቀሱን እየተቀበሉ።

ዘለላውን አንድ በአንድ ቆረጡ። እጃቸው ገና ያልፈነዳች እምቡጥ ዘንድ ሲደርስ እንደ ልማዱ አመነታ። ከመንገዱ ጫፍ የሙሽራው መኪና ጥሩንባ ተሰማ።

ቆረጧት።