ከመቁረጥ በፊት

የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌሩ የፊንጢጣ ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው፣ «ዶክተር፣ ዛሬውኑ ቆርጠው ይጣሉልኝ!» አለ።

ቀዶ ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ከቆረጥኩ መውጫዎንም አብሬ አነሳለሁ፤ ዕድሜ ልክዎን ሆድዎ ላይ የሰገራ ከረጢት ይዘው ይኖራሉ። መጀመሪያ በጨረርና በኪሞ መድኃኒት ዕጢውን እናሳንሰው፤ ምናልባት መውጫዎ ይተርፋል።»

«ጠላት ቤቴ ገብቶ እኔ ልጠብቀው?» ብሎ ተቆጣ። ሚስቱ ክንዱን ያዝ አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በቀስታ ስትወርድ ኖረህ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?» አለችው። ይሄኔ «እሺ፣ ይጀመር» አለ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ከጨረሩ ማሽን ስር ተኛ፤ ጠዋትና ማታ የኪሞውን ክኒን ዋጠ። ቆዳው ተቃጥሎ መቀመጥ ሲያቅተው ቆሞ እየበላ፣ «ሾፌር ነበርኩ፣ ይኸው ረዳት ሆንኩ» እያለ ሚስቱን ያስቃታል። አንድ ጠዋት ግን «በቃኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ጫማውን አጠለቀችለትና ደግፋ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው።

ከሁለት ወር በኋላ እንቁላል ያክል የነበረው ዕጢ ምስር አክሎ ተገኘ። ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ ሆዱን ዳሰሰ፤ ከረጢት አለ። ልቡ ስንጥቅ አለ።

«ስፌቱ እስኪጠና ለሦስት ወር ብቻ ነው» አለችው ሐኪሟ። «ዕጢው ከነሥሩ ወጥቷል፤ መውጫዎም ተርፏል!»

ከረጢቱ ተነስቶለት ቤቱ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከመጸዳጃ ቤት «ሴትዮ! ሆነ!» ብሎ ጮኸ። እሷም እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ «ምን ተገኘ?» ብሎ ሲሮጥ መጣ። ባልና ሚስት ተያይተው በሳቅ ፈረሱ።