መቶ ፈሊጥ ለአንድ ፊርማ

የዓባይነህ እጆች ደመወዝ ነበራቸው፤ ምላሱ ግን በነፃ ነበር የሚለፋው።

በእጆቹ አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል። ሚሲስ ሚኬልሰን ትባላለች። በሃያ ዓመቷ ከዴንማርክ መጥታ፣ የመርከብ መሐንዲስ አግብታ፣ መሐንዲሱንም ቀብራ፣ ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤት ይዛ ቀርታለች። ካርል የሚባል አንድ ልጅ አላት። ሳን ሆዜ፣ ኮምፒውተር ፋብሪካ ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፤ እናቱ ዘንድ ብቅ የሚለው ለገናና ለልደቷ ነው።

የምላሱ ልፋት የተጀመረው በፈረንጆቹ 1984፣ በዝናቡ ወራት ነው። ያን ዕለት ዓባይነህ ከስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ያመጣውን የስፖንሰር ፎርም በሁለት እጁ ይዞ ፊቷ ቆመ። እኅቱ ፅጌረዳ ካርቱም ውስጥ የሰው ቤት ወለል ታጥባለች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤትና ገቢ ያለው አንድ አሜሪካዊ ቢፈርምላት ፋይሏ ከተኛበት ይነሣል።

«ብፈርምልህ ምን ትሰጠኛለህ?» አለች አሮጊቷ።

«ምን አለኝ ብለው ነው፣ ሚሲስ ሚኬልሰን?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ውሃው መስተዋቱን ይገርፈዋል። «እንግሊዞች ድመትና ውሻ ዘነበ ይላሉ። እኛ የጫማ ሰፊ ልጆች ዘነቡ እንላለን። በል፣ ሁለቱንም ድገም።»

ደገመ። ደስ ብሎትም፣ «እኛ ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ ነው የምንለው» አለ።

«ያንተ አይቆጠርም፣ ኤቢ» አለችው። ዓባይነህ ብላ ለመጥራት አንድ ቀን እንኳ ሞክራ አታውቅም። «አንድ ብለናል። መቶ ስትሞላ እፈርማለሁ። አንዷን ከሳትክ ግን ዐሥር እቀንስብሃለሁ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፎርሙን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ፣ ከገበታ ጨርቆቹ ሥር ከተተችው።

ዓባይነህ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነው ከአገር የወጣው። ከሰው ይልቅ ከሐሳቡ ጋር መጫወት የሚወድ ልጅ ነበር። አንድ ደብተር ገዛና ሦስት ዐምድ አሰመረ፤ አንዱን ለእንግሊዝ፣ አንዱን ለዴንማርክ፣ ሦስተኛውን፣ ባይቆጠርለትም፣ ለራሱ። እንግሊዝ ነገሩ ሲያጠራጥረው አይጥ ሸተተኝ ይላል፤ ዴንማርክ ረግረጉ ውስጥ ጉጉቶች አሉ ይላል፤ ዓባይነህ ከጎኑ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝ ጫጩቱ ሳይፈለፈል አትቁጠር ሲል ዴንማርክ ድቡ ሳይገደል ቆዳው አይሸጥም ይላል፤ «ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላል ሦስተኛው ዐምድ። የሞተ ሰው ለእንግሊዙ ባልዲውን ረገጠ፤ ለዴንማርኩ የእንጨት ጫማውን አውልቆ አስቀመጠ፤ ለእኛ ክንዱን ተንተራሰ።

ከሁሉ የወደደው ግን የላሟን ነበር። ዴንማርኮች ችግር የለም፣ ሐሳብ አይግባህ ሲሉ «በረዶው ላይ ላም የለችም» ይላሉ። አውቶቡስ ላይ ዐይኑን ሲጨፍን አንዲት ቀይ ላም በረጋ ሐይቅ ላይ እግሮቿ እየከዷት ትታየዋለች። ከዳር ቆሞ ነይ፣ ነይ የሚላት ሁልጊዜ እሱ ነው።

እሑድ እሑድ ሦስት አራት የአገሯ አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያን ለኬክ ይመጣሉ።

«ኤቢ! ና ወዲህ። ቁጥር ሠላሳ!»

ዓባይነህ ሽርጡን እንደታጠቀ ከኩሽና ይወጣል። «ውርደትን ችሎ ዝም ማለት» ይላል፤ «እንግሊዙ ቁራ በላ፣ ዴንማርኩ ግመል ዋጠ።» የዴንማርኩን በዴንማርክኛ ይለዋል።

«አፉን እዩት፣ አፉን! ልክ እንደ ሰው እኮ ነው የሚለው!» እያሉ ያጨበጭባሉ። አንዷማ አንድ ቀን አንዲት ስኳር በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ዘረጋችለት። ተቀበለ። አመሰግናለሁ አለ። ግመሏን ዋጣት።

ሰባ አንድ ላይ አንዲት ቃል ተደነቃቀፈችበት። አሮጊቷ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች፤ «ስልሳ አንድ» አለች፣ ከረሜላ እንደምትመጥ። በዚያው ሳምንት ከካርቱም ደብዳቤ መጣለት። «ወንድምዬ፣ ስንት ቀረህ? እዚህ ያሉት ሴቶች ሁሉ ጉዳይህን ይዘውታል፤ ሰባ ገባ ስላቸው እልል አሉልህ» ይላል። ዓባይነህ መልስ ጻፈ፤ ወደ ስልሳ አንድ መመለሱን ግን አልጻፈም።

አብረውት የሚኖሩት ጋሼ ነጋሲ፣ የአሥመራ ሰው፣ የታክሲ ሹፌር፣ ደብተሩን ባዩ ቁጥር ይስቃሉ። «አንተ ልጅ፣ በፓስፖርት አይቻለሁ፣ በእግር አይቻለሁ፣ በጀልባም አይቻለሁ። በተረት ድንበር የተሻገረ ሰው ግን አላየሁም!»

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እግሯን ሲያጥባት፣ አሮጊቷ ጎንበስ ብላ የእጁን አንጓ ያዘችው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። «ካርል የአረጋውያን ቤት ሊያስገባኝ ያስባል። እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው የእንጨት ጫማዬን ሳስቀምጥ ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«ቁጥር አርባ ሰባት» አለችና እጁን ለቀቀችው። ዐይኗ ውስጥ ፍርሃት ሲያይ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። ሊያዝንላት ዳዳው፤ ወዲያው መሳቢያው ትዝ አለውና ተወው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ ዘጠና ስምንት ገባ። ዘጠና ስምንተኛዋ ለነገ ጭንቀት ዛሬ አንሸበር የምትል ናት። እንግሊዝ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንሻገረዋለን ይላል። «እኛ ደግሞ ዴን ቲ፣ ዴን ሶር እንላለን» አለች አሮጊቷ። «ያ ጊዜ፣ ያ ሐዘን። ሐዘኑ በራሱ ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። ሁለት ቀረህ፤ እሑድ እንጨርሳለን።» ቤት እስኪደርስ አማርኛውን ፈለገላት፤ አጣ። ሦስተኛው ዐምድ ባዶ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘርራ አገኛት።

ከሆስፒታል በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሰች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ተጣለ ጓንት ተቀምጧል። እንግሊዝኛው ከምላሷ እንጂ ከጆሮዋ አልጠፋም፤ የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች። ዴንማርክኛውም ቢሆን ተዘርፎ ነበር፤ ውሃ፣ ዳቦ ማለት አትችልም። ሐኪሙ እንዳለው አንዳንድ ሕመምተኛ ቃሉ ሁሉ ጠፍቶ በልጅነቱ በቃሉ የያዘው ብቻ ይተርፍለታል። ለሚሲስ ሚኬልሰን የተረፉላት ፈሊጦቿና ቁጥሮቿ ነበሩ።

መስኮቱ እንዲዘጋ ስትፈልግ የጫማ ሰፊ ልጆች ትላለች። ሾርባው ሲያጠራጥራት ጉጉቶቹን ትጠራለች። ሲያቻኩላት ፈረሱን ዳበስ አድርገው ትላለች፤ እንግሊዙ ፈረሶችህን ያዝ፣ የእኛው የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለውን ነው። በየቀኑ የምትመጣው ነርስ ግራ ይገባታል፤ ዓባይነህ ሁሉንም ይሰማል። በዚያ ቤት ቋንቋዋን የሚያውቅ ያሠለጠነችው በቀቀን፣ እሱ ብቻ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ካርል መጣ። ኩሽና ውስጥ ቆሞ መኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ቤቱን ልሸጥ ነው፣ ኤቢ። ፍሪሞንት ደህና የአረጋውያን ቤት አግኝቼላታለሁ። ጠበቃዋ ግን የእማማን ፈቃድ ከራሷ መስማት አለብኝ አለች። የምትለውን የምታውቀው ደግሞ አንተ ነህ። አባቴ ዴንማርክኛ እቤት እንዲነገር አይወድም ነበር፤ እኔ አንዲት ቃል አላውቅም።» ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከገበታ ጨርቆቹ ሥር የነበረው ፎርም ነው። «ይቺ ልጅ እኅትህ ናት? ሐሙስ ነገሩ በሰላም ካለቀ እኔው እፈርምልሃለሁ።»

ማታ እራት ላይ ዓባይነህ ነገሩን ለጋሼ ነጋሲ ነገራቸው። ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ።

«ለወለደችው እናቱ ያልሆነ ለፅጌረዳ ይሆናል?»

«ይፈርማል ጋሼ። ፎርሙን አሳይቶኛል።»

«ማሳየትማ እናቱም ሁለት ዓመት አሳይታሃለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እሷ መቼ ለእኔ አዘነች?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ታክሲ ነጂ ነኝ» አሉና ሳቁ። «ኤርፖርት ልትቀበላት ስትሄድ ግን ኮል አድርግልኝ። በነፃ ነው የምወስድህ!»

ሐሙስ ጠበቃዋ መጣች፤ ሥርዓት ያላት፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ካርል መስኮቱ ጋ ቆመ። ዓባይነህ ከወንበሯ ጎን።

«ሚሲስ ሚኬልሰን፣ ልጅዎ ቤቱን ሸጦ ፍሪሞንት ጥሩ ቦታ ሊያስገባዎት ነው። ይስማማሉ?»

አሮጊቷ ልጇን አየችው። ከዚያ ከደኅናው የአፏ ጥግ፣ ቃል በቃል፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች። ድቡ ሳይገደል ቆዳው አይሸጥም። ቁጥር አርባ አንድ።

«ምን አሉ?» አለች ጠበቃዋ።

አሮጊቷ ወደ ዓባይነህ ዞረች። ፊቷ እንደ እሑዱ ነበር፤ ተማሪዋን ሰው ፊት አውጥታ መልሱን የምትጠብቅ መምህር ፊት። እንደሚያውቀው ታውቃለች። አንድም ጥርጥር የላትም።

ዓባይነህ መስኮቱ ጋ ወደ ቆመው ካርል አየ። ስኳሯ ታየችው። እልል ያሉት የካርቱም ሴቶች ታዩት።

«በረዶው ላይ ላም የለችም ነው የምትለው» አለ። «ዴንማርኮች ሲስማሙ ነው። ችግር የለም፣ ሐሳብ አይግባችሁ ማለት ነው።»

«እንዴት ደስ የሚል አነጋገር ነው!» አለች ጠበቃዋ፤ ጻፈችው።

የአሮጊቷ ደኅና ዐይን ተበለጠጠ። ሁለተኛውን ተናገረች፤ ጮክ ብላ፣ በግራ እግሯ የወንበሩን መርገጫ እየደበደበች። የእንጨት ጫማዋን። አርባ ሰባት።

«አሁንስ? የተረበሹ መሰሉኝ።»

«ጫማዋ ጠቧት ነው» አለ ዓባይነህ። «አውልቅልኝ ነው የምትለው።»

ተንበረከከ። የቀኙን ጫማ አወለቀ። ግራ እግሯን አጥብቃ ያዘችበት፤ እሱም በየቀኑ የሚያጥበውን እግር ያውቀዋልና ቁርጭምጭሚቷን ጫን አድርጎ ጣቶቿን ፈታ፤ ያንንም አወለቀ። ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ቀና ሲል ዐይኗ ላዩ ላይ ነበር፤ ቁጣው ሁሉ ከውስጡ ጠፍቷል።

«ኑል» አለች ቀስ ብላ።

«ምን አሉ?»

ኑል ዜሮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ያላለችው ቁጥር።

«ቁጥር እየቆጠረች ነው» አለ። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋታል።»

ጠበቃዋ እያዘነች ራሷን ነቀነቀችና ወረቀቱን ለካርል አቀበለችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአረጋውያኑ ቤት ነጭ ቫን በር ላይ ቆመ። ሣሩ ላይ የሚሸጥ የሚል ሰሌዳ ከተተከለ ሦስት ቀኑ ነው። አሮጊቷን ከነወንበሯ ሲያወጧት ባሕሩን አላየችም፤ ማንንም አላየችም። ዓባይነህ አዲስ ፎርም ከቢሮው አምጥቶ፣ የካርልን ስም ራሱ በጥንቃቄ ሞልቶበት፣ እስክሪብቶ ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

«ሚስተር ካርል፣ ፎርሙን…»

«አይ ኤቢ» አለ ካርል፣ ሰዓቱን እያየ። «አየሁት እኮ። የታክስ ወረቀት ይፈልጋል፣ የባንክ ይፈልጋል፤ ሚስቴም አትወድም። መጀመሪያ ቤቱ ይሸጥ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንሻገረዋለን፣ እሺ?» ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከቫኑ ውስጥ፣ ከጨለማው፣ ድምፅ መጣ።

«ዴን ቲ፣ ዴን ሶር።»

ሁለቱም ዞሩ። አሮጊቷ በግማሽ አፏ እየሳቀች ነበር። ጮማ ሳቅ፣ እንደ እሑዱ። የግራ እጇን ሌባ ጣት ቀና አደረገች፤ መልስ ስትጠብቅ እንደምታደርገው፣ ዐይኗን ዓባይነህ ላይ ተክላ። የእንግሊዙን ልጇ ተናግሯል፣ የዴንማርኩን እሷ። ያልተቆጠረችው፣ የሦስተኛው ዐምድ፣ ቀርታለች።

ዓባይነህ አፉን ከፈተ። ምንም አልነበረም።

«እማማ ምን ትላለች?» አለ ካርል።

«በሰላም ዋሉ ትላለች።»

ከቫኑ ጋር የመጣችው ነርስ በሩን ዘጋችው። የአሮጊቷ ጣት ከመስተዋቱ በስተጀርባ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቫኑ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ታየ።

ዓባይነህ ቁልቁል ወርዶ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ ከትናንት በስቲያ የደረሰው ደብዳቤ አለ፤ «ወንድምዬ፣ አሁንስ ስንት ቀረህ?» ይላል። ከደብተሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ገነጠለና ጭኑ ላይ አደረገ። አውቶቡሱ ሲመጣ አላየውም። ሌላው መጣ፤ እሱንም አሳለፈው። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለና በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ ጻፈ።

«ፅጌዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለት ብቻ ቀረኝ።»