ቅቤ የጠጣው መሠዊያ

እናቴ ሰባት ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ጥፋቴ ወይራ መሰንጠቄ ነው። አናጢ ነኝ፤ እንጨት ካልሰነጠቅሁ ምን ልሰንጥቅ? ግን እውነቱን እናውራ ካላችሁ ተራ ወይራ አልነበረም። የሰፈራችን አድባር ነበር፣ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ። ክርስቲያኑም እስላሙም ግንቦት አንድ ቀን ሥሩ ተሰብስቦ ንፍሮ ይበላል፣ ግንዱን ቅቤ ይቀባል፣ ዝናብና ልጅ ይለምናል። ቄሶቹ ይቆጣሉ፣ ሼኹም ይቆጣሉ፤ ሚስቶቻቸው ግን ንፍሮውን ቀቅለው ይልካሉ።

እናቴ የትምወርቅ የዛፉ ዋና ሰው ናት። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሦስተኛውን እዚያ ወይራ ሥር ተንበርክካ ለመነች፣ እኔ ተወለድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ግንቦት አላጓደለችም።

ባለፈው ነሐሴ ነፋስ ጣለው። ገና ሳይደርቅ አባ ኃይለኢየሱስ መጡ። አባ ካቶሊክ ናቸው፤ ከእምድብር በኩል ተልከው መጥተው ለአሥራ አንድ ቤተሰብ ትንሽ የቆርቆሮ ጸሎት ቤት አሠርተዋል። ነገር ያበዛሉ እንጂ ክፉ አይደሉም። "ወንጌል ያገሩን ልብስ ይልበስ" ይላሉ ነጋ ጠባ። ለመዝሙራቸው እንኳ የመንዙማ ድቤ ነው የሚያስመቱት፤ የሠራላቸው ጎረቤቴ አሕመድኑር ነው።

"ሰው ስንት ዘመን የለመነበት እንጨት ነው" አሉ አባ። "ማገዶ ከሚሆን መሠዊያ ይሁን፣ ቅዳሴ ይቀደስበት።"

ሽማግሎቹ "ለጸሎት ከሆነ ይሁን" አሉ። እናቴን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋት፤ ፈራኋት።

ጥቅምት ላይ መጋዙን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው አሕመድኑር ይዘን ስንገዘግዝ እናቴ በዚያ አለፈች። ቆማ አየችን፣ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የሚሆን ነገር ሁሉ በአሕመድኑር በኩል ሆነ።

"አሕመድኑር፣ ገበያ የሚሄድ ሰው ካለ ጨው ያምጣ በለው" ትላለች። እኔ እኮ ፊቷ ተቀምጫለሁ።

"ጨው አምጣ ተብለሃል" ይለኛል አሕመድኑር ዞሮ።

"እሺ በላት።"

"እሺ ብሏል።"

ወላሂ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። መሣቁንስ እንሥቅ ነበር፤ ግን እናት ስምህን ሳትጠራ ወር በወር ላይ ሲደራረብ ቤቱ ይቀዘቅዛል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሕፃን ሆድ ይብሰኝ ጀመር።

መሠዊያው ግን አማረ። ወይራ ሲላግ የሚያወጣውን መልክ የሠራው ያውቀዋል። ግንቦት ሁለት ጳጳሱ መጥተው ሊባርኩት ቀን ተቆረጠ። ግንቦት አንድ ጠዋት አባ አስጠሩኝ። ስደርስ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። መሠዊያው ከላይ እስከ እግሩ ቅቤ ተለቅልቆ ያብረቀርቃል። ሥሩ በቅጠል የተቀመጠ አንድ ጭብጥ ንፍሮ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ባህል ይግባ ብለው የለ አባ፣ ገባ።"

"ባህል አልኩ እንጂ ቅቤ አልኩ?"

ማን እንደቀባው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሌላው ሰው ፊት ፊቱን ዳሰስ አድርጎ ይሄዳል፤ ጀርባውን ዞራ፣ እያንዳንዷን ጥግ በአውራ ጣቷ አሽታ የምትጨርስ አንዲት ሴት ብቻ ናት። የጸሎት ቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው አሕመድኑር ጋ ነው። ስጠይቀው ሰማይ ሰማዩን አየ።

እስኪመሽ በፍል ውሃና በሳሙና ፈተግን። ወይራው ቅቤውን ጠጥቶታል፤ ባሸነው ቁጥር ይብስ ወዛ።

"ጳጳሱ ጣዖት ነው ካሉስ?" አልኳቸው።

"ይወጣል" አሉ አባ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይቃጠላል።"

ዛፏን መሰንጠቄን አንድ ቀን ትረሳልኝ ይሆናል። ካቃጠሉት ግን እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ አትጠራኝም።

በማግሥቱ ጸሎት ቤቱ ጢም አለ። ካቶሊኩ አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሊያይ የመጣው አገር ነው። እናቴ አልገባችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኔና አሕመድኑር ከጎኗ ነን። ጳጳሱ ረዘም ያለ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ካባቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከብልቃጥ ሜሮን፣ የተባረከውን ዘይት፣ መሠዊያው ላይ አፈሰሱ። ቀጥለው በመዳፋቸው ያሹት ጀመር።

"እየቀቡት ነው እኮ" አለች ከኋላችን የቆመች አንዲት አሮጊት።

እናቴ አንገቷን አሰገገች።

ጳጳሱ ድንገት እጃቸውን ገቱ። መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ። አባን አዩ። አባ እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ከእኔ የቀደመ ሰው አለ" አሉ ጳጳሱ።

ዝም ብል ጣጣው በአባ ላይ ሊመጣ ነው።

"እናቴ ናት አባታችን" አልኩ። "ልጅ ለምና ያገኘችበት ዛፍ ነው። የሰነጠቅሁት ግን እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቃት።"

"ለምና ያገኘችው ልጅ የታለ?"

"እኔው ነኝ።"

ጳጳሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ሣቅ ቃጣቸውና ዋጡት። "እንግዲያስ የእሷ ጸሎት ባለበት ይቀመጥ" አሉ። "እኔ እጨምርበታለሁ።" ብልቃጡን ደፍተው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

እናቴ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አልነቀለችም። ሲያሹ እሷም ነጠላዋ ውስጥ ጣቶቿን ታሻለች።

"ይሄነው" አለች።

ከአፏ ሰባት ወር ያልሰማሁት ስሜ ነው።

"የኋላዋን ጥግ ዘለዋታል። ንገራቸው።"

አሕመድኑር እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ። በክርኔ ጎሸም አደረግሁትና ሄጄ ነገርኳቸው።