ናፍጣ የማይጠጣ መኪና

"ውጣ፣ ውጣ! ወንበሩን ሞክረው!" አለ ቢያድግልኝ የቀዩን የጭነት መኪና በር ወለል አድርጎ ከፍቶ። ኢዘዲን ጋቢናው ውስጥ ዘሎ ገባና መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሻጩ ከታች ሆኖ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ በሬ የሚያሻሽጥ ደላላ ይመስላል።

ገንዘቡን የምትከፍለው ሀምዲያ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማ ታያቸዋለች። ወደ መሸጫው ግቢ ከገቡ ግማሽ ሰዓት አልፏል። እስካሁን ምን ዓይነት መኪና እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው የለም።

"ማዘር! እዚያ ወንበር አለ! ቁጭ ይበሉ! ውሃ ይምጣልዎት?" ብሎ ጮኸ ቢያድግልኝ። ለእሷ ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ቃሉንም አንድ በአንድ ይቆርሳል።

"ጆሮ ደህና ነው፤ እሰማለሁ" አለች ሀምዲያ።

ሰውዬው ሳቀና ወደ ኢዘዲን ዞረ። ሻጩ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ሰባት ወር ሆኖታል። አፍንጫው የሾለ ነጭ ጫማ ያደርጋል፤ አቧራ በነካው ቁጥር ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ይጠርገዋል። አሶሳን "ይሄ በረሃ" ይላታል። ይህን ሲል የቆመው ፍሬው ቅርንጫፉን ካጎበጠው የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ሀምዲያ ጫማውን አየች፣ ማንጎውን አየች፣ ፊቷን አዞረች። ግቢውን ሳይጠርግ ጫማውን የሚጠርግ ሰው ምን እንደሚሸጥላት ከወዲሁ ገብቷታል።

ሀምዲያ ገበያው ጀርባ የወፍጮ ቤት አላት። ባሏ አብዱልረሂም ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወፍጮውን አንድ ብላ ጀምራ ሦስት ያደረሰችው እሷ ናት። ዱቄቱ በቀን ሁለት ጊዜ ተጭኖ ወደ ጾሬ ይሄዳል፤ በስደተኞቹ ካምፕ ዙሪያ ያሉ ባለሱቆች ይረከቡታል። አሮጌው መኪናዋ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተሩ ነክሶ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በኪራይ መኪና ስትጭን አንዱ ይቀራል፣ ሌላው ማታ ይደርሳል። ከደንበኞቿ ሁለቱ ከሌላ ነጋዴ መውሰድ ጀምረዋል። ሦስተኛው ደግሞ ትናንት ደውሎ፣ "እስከ ሰኞ ካላስተካከልሽ እኔም ይቅርታ አድርጊልኝ" ብሏታል። ስለዚህ ዛሬ መኪና መግዛት አለባት፤ ደግሞም የተሳሳተ መኪና መግዛት አትችልም። ያላት ገንዘብ ለአንድ መኪና ብቻ ነው።

ኢዘዲን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። አሮጌውን መኪና አሥራ አንድ ዓመት የነዳው እሱ ነበር። ለሀምዲያ ግን መንዳቱ ሌላ፣ ስለ መኪና ማወቁ ሌላ ነው። የማያውቀውን ነገር በመሐላ የሚሞላ ሰው ነው።

"ወላሂ፣ የዐፊፋ እናት፣ ይሄ ነው መኪና!" አለ ከጋቢናው ብቅ ብሎ በበርታ ቋንቋቸው። "ድምፁን ስሚው! አንበሳ ነው!"

"አንበሳ ምን ይሠራልኛል? የምጭነው ዱቄት ነው።" ከግቢው ጥግ ወደቆመው ነጭ መኪና በአገጯ ጠቆመች። "ያኛውስ?"

ኢዘዲን ፊቱ ጠቆረ። "ያ ኤሌክትሪክ ነው፤ ተይው።"

ሀምዲያ ግን ወደ ነጩ መኪና ሄዳ መዞር ጀመረች። ቢያድግልኝ እየተጣደፈ ተከተላት። "ማዘር! ይሄ! ለአዲስ አበባ ነው! ለአስፋልት! ለቢሮ ሰው!"

"ስንት ኩንታል ይጭናል?"

"አርባ። ግን እንዲህ ላስረዳዎት። መብራት ያውቃሉ አይደል? መብራት ይጠፋል! ከጠፋ መኪናው ቆመ! ናፍጣ ግን ሁልጊዜ ናፍጣ ነው።"

ሀምዲያ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ባለ ሦስት ወፍጮ ለሆነች ሴት መብራት መጥፋቱን የሚያስረዳት ይህ ነው። አማርኛዋ ሲወጣ ይሰባበራል፤ ቢሆንም ቀስ ብላ ተናገረች።

"መብራት ሲጠፋ የእኔ ወፍጮም ቆመ። ወፍጮ ከቆመ ዱቄት የለም። ዱቄት ከሌለ መኪናው ባዶውን ጾሬ ምን ሊሠራ ይሄዳል? መብራት መጣ፣ ወፍጮ ዞረ፣ መኪናውም በላ። አንድ ላይ ይቆማሉ፣ አንድ ላይ ይነሣሉ። ናፍጣስ? ባለፈው ወር ማደያው ጋ ስንት ቀን ሰልፍ ነበር? አንተ ታውቃለህ?"

ቢያድግልኝ አያውቅም ነበር። "እስቲ አንተ አስረዳቸው" አለው ለኢዘዲን፣ የሰማው ነገር ቁም ነገር እንዳልሆነ ሁሉ። ከዚያም ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይርቅ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ አማርኛውን ብቻ አፍጥኖ፣ "ቀዩን ካስገዛሃት ያልኩህ እንዳለ ነው። ነጩ ላይ ግን ለእኔም ለአንተም የሚደርስ ነገር የለም፤ እወቀው" አለው።

ሀምዲያ የነጩን መኪና ጎማ ጎንበስ ብላ ማየቷን አላቋረጠችም። ከሰፋሪ ነጋዴዎች ጋር በአማርኛ ሠላሳ ዓመት ተከራክራለች። የሚሰባበረው ንግግሯ እንጂ መስሚያዋ አልነበረም። ሰውዬው ግን ፈጥኖ የተነገረ አማርኛ በራሷ ላይ እንደ ንፋስ የሚያልፍ መስሎታል። ተንኮሉን እንኳ ለመደበቅ አልደከመም። የናቃት እዚህ ድረስ ነው።

ከነጩ መኪና ሥር ሁለት እግሮች ይታያሉ። "አንተ ልጅ፣ ቴዎ ነህ?" አለች።

የግቢው መካኒክ ቴዎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የባምባሲ ሰው ነው፤ አሮጌው መኪናዋ ከመንገድ ተጎትቶ ሲገባ ወፍጮ ቤት ድረስ መጥቶ ያየላት እሱ ነበር።

"አቤት፣ እትዬ ሀምዲያ።"

"ይሄን መኪና ንገረኝ። ጥሩውን ብቻ አይደለም፤ መጥፎውንም።"

"ቴዎ፣ ሥራህን ሥራ!" አለ ቢያድግልኝ።

"ጠይቀውኝ ነው" አለ ቴዎ ሳይዞር። "ሙሉ ጭነት ይዞ ጾሬ ሁለት ጊዜ ደርሶ ይመለሳል፤ ትንሽም ይተርፈዋል። ሦስተኛ ጉዞ ግን እንዳያስቡ። ወፍጮዎ ስሪ ፌዝ የሚባለው ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር ስላለው ማታ ቢሰኩት ጠዋት ይሞላል። መጥፎው ደግሞ፣ ባትሪው ትልቅ ብልሽት ከገጠመው እኔ አልነካውም፤ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆማል። መንዲ፣ ነቀምት የሚሄዱ ከሆነ አይግዙት፤ መንገድ ላይ ያስቀርዎታል።"

"መንዲ ምን አለኝ?"

"እንግዲያው ይሆንዎታል።"

ኢዘዲን መሀል ገባ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። "የምነዳው እኔ ነኝ! የሕፃን መጫወቻ ይዤ ገበያ መሀል ልታይ? ሰው አይስቅብኝም? ማደያ የምሰለፈው እኔ፣ እዚያ የማድረው እኔ፤ አንቺ ምን ከበደሽ?"

ሀምዲያ ገረማት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰልፉን ሲያማርር የኖረ ሰው ዛሬ ሰልፍ ቀረልህ ሲባል ሊያለቅስ ደርሷል። ሰው ቢስቅበትስ ምን ይሆናል? ለእሱ መሳቂያ መሆን አዲስ ነገር አይደለም።

ቴዎ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ፣ "ናፍጣም ቢሆን መጥፎ አይደለም እኮ" አለ። "የድሮው መኪናችሁ ሞተር ጎበዝ ነበር። ነጭ ጋዝ ባይገባበት ገና አምስት ዓመት ይሠራ ነበር።"

"ምን ጋዝ?" አለች ሀምዲያ።

"ናፍጣው ውስጥ የተቀላቀለ ነጭ ጋዝ። ፓምፑን ስፈታው ሽታው ራሱ ይናገራል። ለረጅም ጊዜ ሲበረዝ የኖረ ነው። ለኢዘዲን ያኔውኑ ነግሬዋለሁ።" ቴዎ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። "አልነገረዎትም እንዴ?"

ኢዘዲን የማንጎውን ዛፍ ያያል።

ሀምዲያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየችው። ናፍጣ ከማደያ ነው የሚቀዳው፤ የምትከፍለው ለማደያ ነው። ጥሩው ናፍጣ በጀሪካን ለቸርቻሪ እየተሸጠ በምትኩ ርካሹ ነጭ ጋዝ ይሞላ ነበር ማለት ነው። ኢዘዲን ሰልፍ ላይ አደርኩ ባለ ቁጥር እራት አሠርታ በልጇ በዐፊፋ እጅ ማደያ ድረስ ትልክለት ነበር። ብርድ እንዳይመታው ብላ የባሏን ካፖርት ሰጥታዋለች። ሞተሩ የነከሰ ቀን፣ "ያረጀ ነገር ነው፣ የአላህ ሥራ ነው" ብሎ ያጽናናት እሱ ነበር።

የተሰማት ንዴት አልነበረም። ሰው የሚናደደው በሚያከብረው ሰው ነው። ኢዘዲን ለእሷ የሚከበር ሰው መሆኑ አበቃ። ሌባ እንኳ በወጉ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ግን የሚበላበትን መኪና በገዛ እጁ መርዞ ገድሎ፣ ሁለተኛውንም ሊገድል መሪ ጨብጦ ይስቃል።

"ነጩን እወስዳለሁ" አለች።

ቢሮ ውስጥ ቢያድግልኝ ውሉን ከኮምፒውተሩ አትሞ አቀረበላት። ነጩ ብዙ ባያተርፈውም ሽያጭ ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ "ማዘር" ቀርቶ "ወይዘሮ ሀምዲያ" ሆናለች። ወንበሯን በሶፍት ጠረገላት።

"እዚህ ላይ ይፈርሙ።"

"ጻፍበት" አለች። "መጀመሪያ ቴዎ መጥቶ በወፍጮዬ መስመር ይሞላው። ካልሞላ ገንዘቤ ይመለሳል። ባትሪውም ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ ጻፍ።"

"ድርጅታችን እንዲህ ዓይነት አሠራር የለውም።"

ሀምዲያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ሳትደርስ ጠራት። እየተነፈሰ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች አነበበችው። ጊዜ ወሰደች። ሰውዬው እግሩን ያወዛውዛል።

"ዋስትና ብለህ ጽፈሃል። የምን ዋስትና?"

"የባትሪው ነዋ።"

"ባትሪ የሚል እዚህ የለም። ጻፈው።"

ጻፈው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሀምዲያ ፈረመችና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ነጩ ላይ ለአንተ የሚደርስ የለም ብለሃል። ሰምቻለሁ። ስትጮህ ብቻ አይደለም የምሰማው። ቀዩም መጥፎ አይደለም፤ መንገዴ ሩቅ ቢሆን እሱን እገዛ ነበር። ግን አንተ መንገዴ የት እንደሆነ አልጠየቅከኝም።"

ውሉን አጥፋ ይዛ ተነሣች። መልሱን አልጠበቀችም።

ውጪ ፀሐዩ ከርሯል። ኢዘዲን ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። መሐላ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። "ወላሂ፣ የዐፊፋ እናት፣ እኔ..."

"አትማል" አለችው። "አምላክህን ለነጭ ጋዝ አትጥራው።"

አንገቱን ደፋ። እንድትጮህበት የፈለገ ይመስላል፤ ብትጮህ ይከራከራል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ይታረቃል። የሟች ወንድሙን ስም ያነሣል። እሷ ግን መንገዷን ቀጠለች። ከግቢው እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኋላዋ እየተከተለ ሄደ፤ ጥያቄው በመጨረሻ ሲወጣ ድምፁ ቀጭን ነበር።

"መኪናውን ማን ሊነዳው ነው?"

ሀምዲያ ባጃጅ ለማስቆም እጇን ዘርግታ ቆመች። ልታባርረው ትችላለች። ቢባረር ዛሬውኑ የሌላ ሰው መኪና ላይ ይወጣል፤ ያገኘውን ያጠፋል፣ ቤቱ ያሉት አምስት ልጆች ግን ከእሷ ደጅ አይርቁም። ብታባርረው የምትቀጣው እነሱን ነው። ይቅር ልትለው ደግሞ አልቻለችም፤ አልፈለገችምም።

"አንተ ትነዳለህ" አለችው። ፊቱ ላይ ብርሃን ሲመጣ አየችና ጠላችው። "ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትመጣለህ። ማታ ቻርጅ የምትሰካው፣ ጠዋት የምትነቅለው ዐፊፋ ናት። ቁልፉም እሷ ጋ ያድራል።"

"እሺ። እሺ፣ እንዳልሽ።"

ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ሀምዲያ ገባችና ስልኳን አወጣች። የደወለችው ለኸድራ፣ ለኢዘዲን ሚስት ነበር። እሱም ለመግባት አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ የሚስቱን ስም ሲሰማ እዚያው ቆመ።

"ኸድራ፣ ሰላም ነሽ? ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ። ስሚኝ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ የኢዘዲንን ደመወዝ የምትወስጂው አንቺ ነሽ። ወፍጮ ቤት ነይና በእጅሽ እሰጥሻለሁ። የለም፣ አልታመመም። ደህና ነው። አጠገቤ ቆሟል። ለእሱ ለሻይ የሚሆን ስትፈልጊ አንቺ ትሰጪዋለሽ።"

ስልኩን ዘጋችና ለኢዘዲን ሳትዞር ለባጃጁ ነጂ፣ "ወደ ገበያ" አለችው።