ማን ከማን ፊት ለፊት

በቤተ መንግሥቱ የምሳ አዳራሽ ማን የት እንደሚቀመጥ የምደለድለው እኔ ነኝ። ሥራው አስጨንቆኝ አያውቅም፤ የዛሬው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የእኛና የጎረቤት አገር መሪዎች የድንበሩ ድልድይ ይከፈት አይከፈት የሚነጋገሩት በዚህ ምሳ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ ታማ ከድልድዩ ማዶ ናት።

"ጋሼ፣ እንዴት ላስቀምጣቸው?" አልኳቸው አለቃዬን።

"ፕሬዚዳንት ከፕሬዚዳንት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ከጠቅላይ ሚኒስትር። ምን ያስጨንቅሻል?"

"የእኛ ፕሬዚዳንት እኮ ሪባን ከመቁረጥ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ የሚያዙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። እነሱ ዘንድ ደግሞ የሚያዙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ሲያሻቸው ይሾማሉ፣ ሲያሻቸው ይሽራሉ። እንዲህ ካስቀመጥናቸው የሚያዘው ሁሉ ከማያዘው ጋር ሊያወራ ነው።"

አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። "አንድ ሹመት፣ ሥራው ሁለት?"

"ሕገ መንግሥታቸው ነዋ።"

"እኔ አልገባኝም። አንቺ እንደገባሽ አድርጊው፤ ከተበላሸ ግን እኔን እንዳትጠሪ።"

የገባኝ መስሎኝ ነበር። የስም ካርዶቹን ይዤ ጠረጴዛውን ስዞረው ራሴም አብሮ ዞረ። እነሱ ዘንድ ፓርላማውን የሚበትነው ማን ነበር? ውል የሚፈርመውስ? የእኛ ፕሬዚዳንት አልፈርምም ቢሉ ምን ይመጣል? በመጨረሻ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ የእኛን ጠቅላይ ሚኒስትርና የእነሱን ፕሬዚዳንት ፊት ለፊት አደረግኋቸው። የቀሩትን ሁለቱን እኔ የምቆምበት በር አጠገብ ወሸቅኋቸው።

ምሳው ቀረበ። ሁለቱ አዛዦች ስለ አየሩ አንድ ሁለት ተባባሉና ሾርባቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ አጠገብ ያሉት ግን ወሬው ደርቶላቸዋል።

"ያ ድልድይ ተዘግቶ ማንን ጠቀመ?" አሉ የእኛ ፕሬዚዳንት።

"ማንንም። የገዛ አክስቴ እናንተ ዘንድ ናቸው" አሉ የእነሱ ጠቅላይ ሚኒስትር። "በእኔ ቢሆን ነገ ይከፈት ነበር።"

"በእኔም ቢሆን።"

ተያይተው ሳቁና ተጨባበጡ። እንባዬ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ እኔም አላወቅኩት።

እንግዶቹ እንደወጡ እናቴ ደወለች።

"ልጄ፣ ተስማሙ?"

"ተስማሙ፣ እማዬ።"

"እሰይ። መቼ ሊከፍቱት ነው ታዲያ?"

"የተስማሙት የሚከፍቱት አይደሉም።"

"የሚከፍቱትስ?"

"ሾርባ ጠጥተው ሄዱ።"

ሳል አቋረጣት።

"አልገባኝም ልጄ" አለችኝ። "እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ።"